“ልጄ እስር ቤት ተቀጠረ”

ባለፈው እትም “አሜሪካ ውስጥ ማረሚያ ቤት ስለመሥራት ጥያቄ ያለው ይጻፍልኝ” ብዬ ነበር። ጻፋችሁ። እናቶች ጻፉ፣ ወጣቶች ጻፉ፣ አንድ ሳጅንም ጻፈ። ለማታውቁኝ፣ ምሥራቅ አሜሪካ ውስጥ በአንድ የስቴት እስር ቤት በኦፊሰርነት ገብቼ ሉተናንት ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የቦታውን ስም አልጠራም። አንዳንዶቹ አለቆች አሁንም እዚያው ናቸው። ደብዳቤዎቹን ቦታ እንዳይፈጁ አሳጥሬአቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ 21 ዓመት የሞላው ልጅ አለኝ። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ አቋረጠ። መጋዘን ሠራ፣ ለኡበር ኢትስ ምግብ እያደረሰ ሠራ። አሁን ደግሞ “የካውንቲ እስር ቤት ኦፊሰር ሆኜ ተቀጠርኩ፣ አካዳሚ ልገባ ነው፣ ቦነስም ይሰጡኛል” ብሎ መጣ። አባቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ አኩርፎታል። እኔም እንቅልፍ አጣሁ። አገሬን ጥዬ የመጣሁት ልጄ እስረኛ እንዲጠብቅ ነው? ምን ብዬ ላስቀረው?
*እናት፣ ከሜሪላንድ*

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ አባትየው ልጁን ያናግሩት። ኩርፊያ ልጅን ከሥራ አያስቀርም። የሚያስቀረው ከቤት ነው።

ጭንቀትዎ ይገባኛል። እናቴ ነፍሷን ይማረውና ለጎረቤት ሁሉ “ልጄ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው” እያለች ኖራለች። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ግን አንድም ቀን ትንፍሽ አላለችም። ለእኛ ትውልድ እስር ቤት ማለት ከርቸሌ ነው። ስንቅ ቋጥሮ በር ላይ ተራ መጠበቅ ነው። ሳህኑ ሳይነካ ሲመለስ ልብ ቀጥ ማለት ነው። ልጅዎ ግን ይህን አላየም። እሱ የሚታየው የጤና ኢንሹራንስ፣ ጡረታና በየሁለት ሳምንቱ የማይቀር ቼክ ነው። ምግብ ማድረስ ደግሞ ከእነዚህ አንዱንም አይሰጠውም።

ሥራውን ልንገርዎ። የካውንቲ (የአካባቢ አስተዳደር) እስር ቤት በአብዛኛው ፍርድ የሚጠባበቁና አጭር ቅጣት የተፈረደባቸው ሰዎች የሚቆዩበት ነው። ረጅም የተፈረደበት ወደ ስቴት ይላካል። ታዲያ ካውንቲ ይቀላል ማለት አይደለም። ትናንት ማታ የተያዘ፣ ሰክሮ የመጣ፣ ዕፅ እየለቀቀው የሚንቀጠቀጥ፣ “ከእንግዲህ ምን አለኝ” ብሎ ራሱን ሊያጠፋ የሚያስብ፣ ሁሉም መጀመሪያ የሚገባው እዚያ ነው። ልጅዎ ቀኑን ሙሉ ዱላ ይዞ የሚቆም ከመሰለዎት ተሳስተዋል። ሥራው ከሰው ጋር መነጋገር ነው። ሰው ማናገር የሚችል ልጅ ከሆነ ይዋጣለታል። ቁጣው ቅርብ ከሆነ ግን፣ እርስዎ እናቱ ነዎት፣ ከማንም በላይ ያውቁታል፣ ያኔ ይከልክሉት።

ክፍያውን በተመለከተ፣ የአገሪቱ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ በ2024 ያወጣው መካከለኛ ደመወዝ በዓመት 58 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ከስቴት ስቴት በጣም ይለያያል። ለሃያ አንድ ዓመት ልጅ፣ ያለ ዲግሪ፣ የሚናቅ አይደለም።

ቦነሱን ግን ተጠንቀቁ። ብዙ ቦታ ቦነስ በአንድ ጊዜ አይሰጥም፣ ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው። ቀኑ ሳይደርስ የለቀቀ የወሰደውን እንዲመልስ የሚያስፈርሙም አሉ። ወረቀቱን አብራችሁ አንብቡት። ደግሞስ ሰው ሞልቶት የሚያድር መሥሪያ ቤት ለመጪው ሁሉ ጉርሻ አይበትንም።

ከመፈረሙ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ። “ባለፈው ወር አንድ አዲስ ኦፊሰር ስንት ጊዜ ተገዶ ኦቨርታይም ገባ?” ይበል። ቁጥር ከነገሩት ጥሩ። ሳቅ ብለው ወደ ዩኒፎርሙ መጠን ካለፉ እሱም መልስ ነው። ውስጡን ሳያይም አይፈርም። ጉብኝት ከጠየቀ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። በሩ ከኋላው ሲዘጋ የሚሰማውን ስሜት ማስታወቂያ አይነግረውም።

ጥያቄ፦ 24 ዓመቴ ነው። የስቴት እስር ቤት ከገባሁ አንድ ዓመት አልሞላኝም። በሳምንት ሦስት አራት ቀን 16 ሰዓት ነው የምሠራው። ማንዴት ያደርጉኛል። ፍቅረኛዬ “ከእስረኞቹ ጋር ተጋባ” ብላ ትታኝ ሄደች። አብረውኝ ከአካዳሚ ከወጡት ግማሾቹ የሉም፣ አንዱ በቴክስት ነው የለቀቀው። ልጠፋ ነው። ምን ትይኛለሽ?
*የደከመው፣ ከቨርጂኒያ*

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ተኛ። የምሬን ነው። ከ16 ሰዓት ሽፍት በኋላ የተወሰነ ውሳኔ ውሳኔ አይደለም። መኪና ውስጥም እንቅልፍ ይዞህ እንዳይሄድ ፍራ።

ማንዴት ምን እንደሆነ ለማያውቁ አንባቢዎች ልንገር። ሽፍትህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያልቃል እንበል። ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ የዩኒቱ (እስረኞች የሚኖሩበት ክፍል) ስልክ ይጮኻል። በዚያች ሰዓት ማን እንደሚደውል ሁሉም ያውቃል። ኦፊሰሩ መቀበያውን በዓይኑ ብቻ ያየዋል። እስረኞቹ ሳይቀሩ ዞር ብለው ይመለከቱና “ኦፊሰር፣ ዛሬም ከእኛ ጋር ነህ” ይላሉ። ያነሳዋል። “ተቀባይህ አልመጣም፣ እስከ ሌሊት ነህ” ይባላል። ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያመጣለት ሰው መፈለግ አለበት። ሞባይሉ ግን መኪናው ውስጥ ነው፣ ወደ ውስጥ አይገባም። ሳጅኑ ደግ ከሆነ የቢሮ ስልክ ያስነካዋል። ደግ ካልሆነ… ይኸው ነው።

እና አንተን የሚያባርርህ እስረኛው አይደለም። መቼ ቤትህ እንደምትገባ አለማወቅህ ነው። ይህ የአንተ ስንፍና አይደለም፣ አገር ያወቀው ነው። በኒው ዮርክ ስቴት በየካቲት 2025 ኦፊሰሮች ከዩኒየናቸው ፈቃድ ውጪ ሥራ አቁመው ሲወጡ ከቅሬታዎቻቸው አንዱ ይኸው የግዴታ ኦቨርታይም ነበር። ሦስት ሳምንት ቆየ። ብሔራዊ ዘብ (የስቴቱ ተጠባባቂ ጦር) ገብቶ እስር ቤቶቹን ጠበቀ። በመጨረሻ ያልተመለሱት ወደ ሁለት ሺህ ገደማ ተባረሩ። ሰው በማነሱ የተነሳ ጸብ ሰውን የባሰ አሳነሰው።

አሁን ወደ አንተ። የክፍያ ወረቀትህን አውጣ። የፌዴራሉ ሕግ ለእስር ቤት ጥበቃ ሠራተኛ የተለየ ስሌት ይፈቅዳል። በ28 ቀን ከ171 ሰዓት በላይ ስትሠራ ነው ኦቨርታይሙ የሚጀምረው። አንዳንድ ስቴት ደግሞ ከ40 ሰዓት ጀምሮ ይከፍላል። የአንተ የትኛው እንደሆነ ካላወቅህ ዛሬውኑ ጠይቅ። በነጻ የሠራህ እየመሰለህ መበሳጨትና በእውነት በነጻ መሥራት ይለያያሉ።

የትምህርት ብድር አለብህ? ከአለብህ ሳትለቅ በፊት አስብ። የመንግሥት ሠራተኛ ሆነህ በሙሉ ጊዜ እየሠራህ፣ ብድሩ ከፌዴራል መንግሥት በቀጥታ የተወሰደ (ዳይሬክት ሎን የሚባለው) ሆኖ፣ በተፈቀደው የአከፋፈል ዘዴ 120 ወርኃዊ ክፍያ ስትጨርስ የቀረው ይሰረዝልሃል። እስር ቤት መሥራት ይቆጠራል። ከዚህ ለቀህ ካውንቲ ወይም ሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ብትገባም ቆጠራው ይቀጥላል። የግል ኩባንያ በሚያስተዳድረው እስር ቤት ከተቀጠርክ ግን አይቆጠርም። ብዙ ወጣት ይህን የሚነግረው የለም።

ሌላም ነገር አለ፣ ይህን ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። የደከመ ወጣት ኦፊሰር እስረኛ መሃል በግልጽ ይታያል። አንድ ቀን አንዱ ይመጣና “ኦፊሰር፣ ዓይንህ ቀልቷል፣ ዛሬም አቆዩህ?” ይልሃል። እውነቱን ነው። በሳምንቱ “ይሄ ሳጅን አይወድህም እኮ፣ እኛ ሁሉ እናያለን” ይልሃል። እሱም እውነት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ አንድ ተጨማሪ ሶፍት፣ አንድ እስክሪብቶ ይጠይቅሃል። ትሰጠዋለህ፣ ምን አለበት? ከዚያ “እስክሪብቶውን ብናገርብህስ?” ይመጣል። ከዚያ ሲጋራ፣ ከዚያ ስልክ። እኔ ባለሁበት እጃቸው በካቴና ታስሮ ከወጡት ወጣቶች ክፉ ልጅ የነበረ አላስታውስም። ብቸኛ ልጆች ነበሩ። “እንዴት ዋልክ” ያላቸው ሰው እስረኛው ብቻ ነበር። እስክሪብቶ ሰጥተህ ከሆነ ዛሬ ለሳጅንህ ተናገር። ዛሬ ብትናገር ተግሣጽ ነው፣ ነገ ክስ ነው።

ልቀቅ ወይስ ቆይ? ሌላ ስቴት ወይም ካውንቲ አማራጭ አለህ። አሁን ልምድ ያለውን ሰው ሁሉም ይፈልገዋል። መልቀቂያህን ጽፈህ፣ የሁለት ሳምንት ጊዜ ሰጥተህ ውጣ። በቴክስት የወጣ ሰው ፋይሉ ላይ “ተመልሶ የማይቀጠር” ተብሎ ይጻፍበታል። የሚቀጥለው ቀጣሪም ደውሎ ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ 35 ዓመቴ ነው። ፌዴራል እስር ቤት ልግባ እያልኩ ነው። አረጀሁ እንዴ?
*ከዳላስ*

መልስ፦ አላረጀህም፣ ግን ቸኩል። ፌዴራል እስር ቤቶች ባብዛኛው 37 ዓመት ሳይሞላህ እንድትሾም ይፈልጋሉ። ለቀድሞ ወታደሮች ልዩ ሁኔታ አለ። ምርመራውና የኋላ ታሪክ ማጣራቱ ወራት ስለሚፈጅ “በሚቀጥለው ዓመት” አትበል። በ57 ዓመት ጡረታ ግዴታ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ 50 ዓመት ሞልቶህ 20 ዓመት ካገለገልክ፣ ወይም በማንኛውም ዕድሜ 25 ዓመት ካገለገልክ መውጣት ትችላለህ። የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ቢገባ በ46 ዓመቱ ጡረተኛ ነው ማለት ነው። ይህን ቀጣሪዎቹ ራሳቸው ለወጣቶች በደንብ አይነግሩም፣ ገርሞኝ አያልቅም። ሲቲዝን መሆንህን አረጋግጥ።

ጥያቄ፦ እህታችን፣ በሚኒሶታ ሳጅን ነኝ። አዲስ ልጆች ይመጣሉ፣ ስማቸውን ሳንለምድ ይሄዳሉ። የእኛ ትውልድ ችሎ ነው የሠራው። የዛሬ ልጆች “ለምን?” ይላሉ፣ ስልክ የለም ሲባሉ ያኮርፋሉ። ደመወዝ መጨመር በእኔ እጅ አይደለም። እኔ ምን ላድርግ?
*ሳጅኑ*

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ወደድኩት። “እኔ ምን ላድርግ” ብሎ የጻፈ አለቃ በስንት ጊዜ ሳገኝ አንተ ነህ።

ደመወዝ ዋጋ የለውም አልልህም። ዊስኮንሲን በ2023 የመነሻ ክፍያውን በሰዓት ከ20 ዶላር ገደማ ወደ 33 ዶላር አደረሰ፤ አመልካች መጣ። ነብራስካም ከዚያ በፊት ከ20 ወደ 28 ዶላር ከፍ አድርጋ ሰው አግኝታለች። በሌላ በኩል ፍሎሪዳ በ2019 ዝቅተኛውን ዕድሜ ከ19 ወደ 18 አወረደች፤ በ2022 ግን ብሔራዊ ዘብ አስገብታ እስር ቤቶቿን አስጠበቀች። ዌስት ቨርጂኒያም በዚያው ዓመት አስቸኳይ ጊዜ አውጃ ወታደር አስገብታለች። በሩን ማስፋት ብቻ ሰው አያስቀምጥም። ገንዘብ ልጁን እስከ በር ያመጣዋል። ከበሩ በኋላ ያለው የአንተ ነው።

“የእኛ ትውልድ ችሎ ሠራ” ያልከውን ግን አልቀበልህም። ቻልን? ስንቶቻችን ተፋታን? ስንቶቻችን ደም ግፊትና ስኳር ይዘን ወጣን? ቤት ገብቶ ሚስቱንና ልጆቹን እንደ ዩኒት የሚያዝ ስንት ሰው አውቃለሁ። ልጆቹ ይህን አይተው “እኔ እንደዚህ አልሆንም” ቢሉ ብልህነታቸው ነው።

አሁን በእጅህ ያለውን ልንገርህ። የማንዴት ዝርዝሩን ግድግዳ ላይ ለጥፍ። ማን መቼ እንደገባ፣ ቀጣዩ ማን እንደሆነ ሁሉም ይየው። ጓደኛህን ከዝርዝሩ አታዝልል። ወጣት ድካም ይችላል፣ አድልዎ ግን አይችልም። አድልዎ ባየ ማግስት ማመልከቻ መሙላት ይጀምራል። ተቀባይ እንደማይመጣ ረፋድ ላይ ካወቅህ ረፋድ ላይ ንገረው። ለምን እስከ ስምንት ሰዓት ከሩብ ትጠብቃለህ? “አሞኛል” ብሎ እንዳይሄድብህ ፈርተህ ነው፣ አውቃለሁ፣ እኔም ሉተናንት ነበርኩ። ግን ቀደም ብሎ ረፋድ ላይ የሰማ ልጅ ለሞግዚት ይደውላል፣ ምሳውን ለሁለት ይከፍላል፣ ይረጋጋል። ስልኩንም ደግሞ አንተ አስነካው። ሳይጠይቅህ።

“ለምን?” ሲሉህ መልስ። የዛሬ ልጅ ሊንቅህ አይደለም የሚጠይቀው። የእኔ ሳጅን “ካውንት (የእስረኛ ቆጠራ) ላይ ሰውዬው ተሸፍኖ ከተኛ ቆዳውን እይ፣ ሲተነፍስ እይ” ስትለኝ ለምን እንደሆነ ነግራኛለች። ብርድ ልብስ ስር ትራስ አድርጎ የጠፋ ሰው ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሞቶ ያደረ ሰው “አንድ” ተብሎ ተቆጥሮ ነበር። ይህን ከሰማሁ በኋላ ማንም ሳያዘኝ በየሌሊቱ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ምክንያቱን የሚያውቅ ልጅ ደንቡን አንተ በሌለህበትም ይጠብቃል።

አዲሱን ልጅ ከባዱ ዩኒት ላይ ብቻውን አትጣለው። የቆዩት ሁሉ ጸጥ ያለውን የጥበቃ ቦታ በሲኒየሪቲ (በአገልግሎት ዘመን ቅድሚያ) ስለሚመርጡ፣ ልምድ የሌለው ልጅ ልምድ የሚጠይቀው ቦታ ላይ ይገኛል። ይህን የፈጠረው ሲስተሙ ነው፣ በአንዴም አታፈርሰውም። ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ሁለቴ ሄደህ አብረኸው መዞር ትችላለህ። የአሜሪካ ሥልጠና አጭር ነው። የፌዴራል ኦፊሰር እንኳን ጆርጂያ ግሊንኮ የሚሰጠው ኮርስ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው፣ ከዚያ በፊት ትንሽ እዚያው እስር ቤቱ ውስጥ ይማራል። ኖርዌይ ውስጥ አንድ ኦፊሰር እየተከፈለው ሁለት ዓመት ይማራል። እኛ ሁለት ዓመቱን የምንሰጠው ዩኒት ላይ ነው፣ ያለ አስተማሪ። አስተማሪው አንተ ሁን።

ኖርዌይን ካነሳሁ፣ ፔንሲልቬኒያ ቼስተር የሚገኘው የስቴት እስር ቤት በ2022 ከስካንዲኔቪያ (ከነኖርዌይ አገር) የተቀዳ አንድ ዩኒት ከፍቷል። እስረኛው የየራሱ ክፍል አለው፣ የሚያበስሉበት ወጥ ቤት አለ፣ ኦፊሰሩም ከመስታወት ጀርባ ሳይሆን መሃላቸው ነው የሚውለው። ለእስረኛ ተብሎ ብቻ የሚሠራ የሚመስላቸው አሉ። እኔ የማየው ለኦፊሰሩ ነው። ወጣት “ቀኑን ሙሉ በር ስከፍትና ስዘጋ ዋልኩ” ብሎ ቤቱ ሲገባና “ዛሬ አንድ ሰው ፈተና እንዲያልፍ ረዳሁ” ብሎ ሲገባ አንድ አይደለም። አንተ ወጥ ቤት አታሠራም፣ ይገባኛል። ግን ጎበዙን ልጅ ለትምህርት ክፍሉ፣ ለችግር ጊዜ ድርድር ሥልጠና፣ ለአዲስ ገቢዎች አስጎብኚነት ልታቀርበው ትችላለህ። ስሙን ጽፈህ ወደ ላይ ላክ። ሥራው ወዴት እንደሚወስደው የማያይ ልጅ አይቆይም።

የመጨረሻው፣ ግጭት ከነበረ ማታ ደውልለት። ሪፖርቱን ስለመጨረሱ ሳይሆን ስለራሱ ጠይቀው። ደም ያየ የ22 ዓመት ልጅ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ቁልፉን ሳያዞር ይቆያል። እነዚህን ልጆች ከመኪና ማቆሚያው ስወጣ አያቸው ነበር። ብዙዎቹ በሚቀጥለው ወር አልነበሩም። “ሥራው ነው፣ ትለምደዋለህ” የሚለውን ንግግር ደግሞ እባክህ ተወው።

ጥያቄ፦ አዲስ ስለሆንኩ ዕረፍቴ ማክሰኞና ረቡዕ ነው። ቅዳሴ ከቀረሁ ቆየሁ። ፋሲካም ሊያመልጠኝ ነው። እናቴ “ይህ ምን ዓይነት ሥራ ነው” ትላለች። መፍትሔ አለው?
*ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ያደግኩ፣ አሁን አትላንታ*

መልስ፦ አለው። የፈረንጆቹን በዓል ያዝላቸው። በዲሴምበር 25 እና በእነሱ ፋሲካ ቀን መሥራት የሚፈልግ የለም፣ አንተ ግን ያን ቀን ቤትህ ብትቀመጥ ቴሌቪዥን ነው የምታየው። አስቀድመህ “የአንተን እኔ ልሥራ፣ የኔን አንተ ሥራ” በል። በ2025 ሁለቱ ፋሲካዎች ኤፕሪል 20 አንድ ላይ ስለዋሉ ይህ ዘዴ አልሠራም። በ2027 ግን የእነሱ ማርች 28 ነው፣ የእኛ ሜይ 2። ገና በጃንዋሪ 7 ሁሌም የብቻችን ነው። ሽፍት መለዋወጥ የሚፈቀድ ከሆነ ፎርሙን በሁለታችሁ ፊርማ አስገቡ። በቃል የተባለ ልውውጥ ሽፍት ሲቀየር ይረሳል።

እሑዶቹን በተመለከተ የሃይማኖት ጥያቄህን በጽሑፍ ለሰው ኃይል ክፍሉ አቅርብ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 እሑድ አልሠራም ባለ አንድ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ፣ ቀጣሪ እንዲህ ያለውን ጥያቄ “ትንሽ ያስቸግረኛል” ብሎ መከልከል እንደማይችል፣ ከባድ ሸክም መሆኑን ማሳየት እንዳለበት ወስኗል። ሰው በጎደለበት እስር ቤት ያን ማሳየት ይቀልላቸው ይሆናል፣ የዩኒየን ውል ካለም ሲኒየሪቲ በዚያ የተጠበቀ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁሉንም እሑድ አትጠይቅ። በወር አንድ ወይም ሁለት እሑድ ጠዋት ጠይቅ፣ በምትኩ ቅዳሜ ማታ እንደምትገባ ጻፍ። እንዲህ ያለ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ መፈረም ይቀለኝ ነበር።

ለእናትህ ደግሞ የፋሲካ ዶሮውን እስክትመጣ እንዲያቆዩልህ ንገራቸው። ማስገባት አይፈቀድም እንጂ እኔም ለሽፍቱ ሁሉ ይዤ በገባሁ ነበር።